ፕራግ (ቼክ) የምትሄዱ ልጆች፣ "ኮሚሽን 0%" የሚል የምንዛሪ ቤት ዩሮ እንዳትቀይሩ

ጀርመን ያላችሁ፣ በተለይ ድሬስደንና ላይፕዚግ አካባቢ፣ በዚህ ሰመር ፕራግ በባስ ደርሶ መልስ ልትሉ እንደምታስቡ አውቃለሁ፣ ከድሬስደን ሁለት ሰአት ምናምን ነው፣ ቀደም ብሎ ለቆረጠ ቲኬቱም ርካሽ ነው፣ ሂዱ፣ ከተማው ሲያምር። ብር አቀያየር ላይ ግን አደራ፣ ሳንድዊች ከቤት ይዛችሁ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ የቆጠባችሁትን በሙሉ አንዲት መስኮት ላይ ነው የሚበሉባችሁ።

ቼክ የአውሮፓ ህብረት ከገባች እ.ኤ.አ ከ2004 ጀምሮ ነው ግን ዩሮ አትጠቀምም፣ ገንዘቧ ኮሩና ነው። እኛ በሄድን ጊዜ 1 ዩሮ ከ24 ኮሩና በላይ ነበር። ከሽቱትጋርት የመጣው ጓደኛችን ደግሞ "ካሽ ሳልይዝ አልንቀሳቀስም" ባይ ነው፣ አሮጌው አደባባይ ላይ ያ እ.ኤ.አ ከ1410 ጀምሮ ያለው የማማ ሰአት እስኪደውል ቆመን ስንጠብቅ እሱ ዞር አለና 200 ዩሮ ቀይሮ መጣ። (ሰአቱ በነፃ ነው የሚታየው፣ ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 5 በየሰአቱ የሃዋርያት ምስሎች በመስኮት ብቅ ብቅ ይላሉ፣ እውነቱን ለመናገር ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ግን እዛ ድረስ ሄዶ አለማየትም አይሆንም።) ስንት ሰጡህ ስንለው 3400። እንዴ! ከ4800 በላይ መሆን የነበረበት ነው። ወደ 60 ዩሮ ማለት ነው በአንድ ጊዜ የሄደው፣ ለሱ ደርሶ መልስ ባስ ከፍሎ ይተርፈዋል።

እንዴት ነው የሚሸውዱት መሰላችሁ፣ ውጪ ላይ በትልቁ "0% ኮሚሽን" ብለው ፅፈዋል፣ አልዋሹም፣ ኮሚሽን አልወሰዱም፣ የበሉት ሬቱ (የምንዛሪው ዋጋ) ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ በደማቁ የሚታየው ቁጥር ደግሞ እነሱ ዩሮ ለናንተ ሲሸጡ የሚያስከፍሉት ነው፣ ከናንተ ሲገዙ የሚከፍሉት ጎን ላይ በትንሹ ተፅፎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት "ለ100 ዩሮ በእጄ ስንት ኮሩና ይገባል" በሏቸው፣ ወረቀት ላይ ይፃፉላችሁ፣ ከስልካችሁ ሬት ጋር አስተያዩት፣ ካልጣማችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሀበሻ ይሄን አያውቅም። እ.ኤ.አ ከ2019 ጀምሮ እዛ አገር ህግ አለ፣ ኤክስቼንጅ ቤት የቀየራችሁትን በ3 ሰአት ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ መሰረዝ ትችላላችሁ፣ እስከ 1000 ዩሮ ለሚሆን ብር። ደረሰኙ ግን የግድ ነው፣ ኮሩናውንም ሳትነኩ መያዝ አለባችሁ። እኛም ልጁን ይዘን ተመለስን፣ ሴትዮዋ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ጠፋባት (ሲቀይር ግን ጥርት አድርጋ ነበር የምታወራው)፣ ቀጥሎ "አይቻልም ተመዝግቧል" አለች፣ ህጉን ከስልክ ላይ አውጥተን እያሳየናት ለቼክ ብሔራዊ ባንክ እናመለክታለን ስንላት፣ እነዚህን ቤቶች የሚቆጣጠረው እሱ ነውና፣ ፊቷን አጥቁራ 200 ዩሮውን መለሰች። መጮህ መሳደብ አያስፈልግም፣ መስኮቱ ጋ ቆማችሁ ሰው ከኋላ እንዲሰለፍ ማድረግ ብቻውን ይሰራል።

መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ "ቼንጅ ቼንጅ፣ ጥሩ ሬት" የሚላችሁን ግን ጭራሽ አትስሙት፣ ህገወጥ ነው፣ ደረሰኝ የለም፣ ኮሩና ብሎ የማይሰራ የሌላ አገር አሮጌ ብር ያስታቅፋችኋል፣ እዛ ላይ የ3 ሰአቱ ህግ ምንም አያደርግላችሁም።

ካርድ ያለው ሰው ብር መቀየሩም አያስፈልገውም፣ ትራም ውስጥ ሳይቀር በካርድ ይከፈላል። ካሽ ካስፈለጋችሁ የባንክ ኤቲኤም ፈልጉ፣ ቱሪስት ሰፈር በየሱቁ ጥግ የተተከሉትን ተዉአቸው። ማሽኑ ደግሞ "በዩሮ ልቁረጥልህ ወይስ በኮሩና" ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ሁልጊዜ ኮሩና ነው መልሱ፣ ዩሮን ከመረጣችሁ ያው የኤክስቼንጁ ጨዋታ በስክሪን መጣ ማለት ነው።

ሌላው በ100 ግራም የሚፃፍ ዋጋ ነው። አደባባዩ ላይ የሚጠበሰው የአሳማ እግር በዚህ ነው ሰው የሚያስለቅሰው፣ ርካሽ ይመስላል፣ ሻጩ ግን የፈለገውን ያህል ቆርጦ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። እኛ አሳማ ስለማንበላ አመለጥን፣ ግን ከረሜላ በበርሜል የሚሸጡት ቤቶችም እንደዛው ናቸው፣ ለልጆች ብላችሁ ላስቲክ ሞልታችሁ ካሸር ጋ ስትደርሱ ትደነግጣላችሁ። መጀመሪያ አስመዝኑ።

የካርል ድልድይ በነፃ ነው፣ ቤተመንግስቱም ግቢው በነፃ ነው፣ የቅዱስ ቪት ካቴድራልንም ከበሩ ገባ ብላችሁ ፊት ለፊቱን ሳትከፍሉ ታያላችሁ፣ በጠዋት ካልሄዳችሁ ግን ሰልፉ አይጣል ነው። የወረቀት ቲኬት ከቆረጣችሁ ትራምም ሆነ ሜትሮ ስትገቡ ቢጫዋ ማሽን ላይ ማህተም አስመቱበት፣ ተቆጣጣሪዎቹ ሲቪል ለብሰው ነው የሚመጡት። የተረፋችሁን የኮሩና ሳንቲም ደግሞ ከመመለሳችሁ በፊት ውሃም ቡናም ግዙበት፣ ሳንቲም ወደ ዩሮ አይቀይሩላችሁም።