«ኦፍ ሮድ» የሚል ማዞሪያ አይታችሁ መኪና እንዳትገዙ

ጭቃው ገና ከሱሪዬ አልታጠበም። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ክረምት ላይ መረሬው ጫማ የሚነጥቅበት ሰፈር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ደርድረው የሚሸጡትን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ወንበር ይሳባል፣ ቡና ይመጣል፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ስለሆነ ነው በዚህ ዋጋ» ይባላል። እኔም የዋሁ ሰፈሬን ለሻጩ ልጅ ዘርዝሬ ነገርኩት፤ ጭቃ ነው፣ ቦይ አለው አልኩ።

ልጁ መኪናዋ ውስጥ ገባና መሃል ያለችውን ክብ ማዞሪያ ቀጭ ቀጭ አድርጎ «ኦፍ ሮድ» ላይ፣ ማለትም ከመንገድ ውጪ መንጃው ላይ አደረጋት። ስክሪኑ ላይ ተራራ መጣ። ድንጋይ ላይ የወጣች የመኪና ሥዕል ቀስ ብላ ከፍ አለች፤ አንዱ ጎማ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ሌላው ወደ ታች ተዘረጋ። ወረደና ፓራፋንጎው ላይ እጁን አሳርፎ «አዩ ጋሼ? ተነሳች» አለኝ። የተነሳችው ሥዕሏ ናት! መኪናዋማ ሴራሚኩ ላይ እንደቆመች ናት። እኔ ምን አልኩ? «አዎ፣ ተነሳች።» ጎንበስ ብዬ እንኳ አላየሁም። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያውም ፎርዊሏን በማርሽ የማስገባት አሮጌ ቪታራዬን ሸጬ ነው የገዛኋት!

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ማዞሪያዋን «ኦፍ ሮድ» ላይ አድርጌ ቦዩን በሰያፍ ልሻገር ገባሁ። የፊት ግራ ጎማ አየር ላይ ቀርታ ትሽከረከራለች፣ ቀኟ ጭቃውን ታቦካለች፣ የኋላዎቹ ጭጭ። ከዚያ የባትሪው ሆድ አፈር ላይ ዘፍ ሲል ሰማሁ። በአይሱዙ ተጎትቼ ወጣሁ።

የሰፈራችን መካኒክ ሜትር አመጣ። ከሥሯ እስከ መሬት 16 ሴንቲሜትር። ማዞሪያዋን አዞርን፤ አሁንም 16። «የተሸከማት ተራ የብረት ሞላ እኮ ነው፣ ማን ያነሳዋል?» አለኝ። ከፍ የሚለው እንደ ዲስከቨሪ 3 በሞላ ፈንታ አየር የሚሸከመው፣ የአየር ሰስፔንሽን ያለው ነው። ጎማው እንደልቡ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሄድ ደግሞ ግራና ቀኙን ያያያዘው የስታብላይዘር ብረት መላላት አለበት፤ አንዳንድ ፕራዶ ላይ በዘይት ግፊት በራሱ ይላላል፣ ሩቢኮን ጂፕ ላይ የፊተኛው በቁልፍ ይላቀቃል። የኔዋ ማዞሪያ ፔዳሉን ስትረግጥ መኪናዋ ቶሎ እንዳትፈናጠር ታለዝባታለች፣ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ያዝ ታደርጋለች፣ አለቀ። ሞተሩም የሚነዳው የፊት ጎማ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሄድኩላቸው። ያው ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሰውዬ፣ ኦፍ ሮድ ሞድ ማለት ገደል ግባበት ማለት አይደለም። ማንዋሉን አታነብም?» አለኝ። ማንዋሉ በቻይንኛ ነው! ካሸሯ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ሲሸጥልኝ ጋሼ ነበርኩ፣ አንቱ ነበርኩ።

የምትገዙ ካላችሁ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳይዞርም ከዞረም በኋላ ለኩ። የኋላ ጎማ የሚነዳ ሞተር እንዳለውም በጽሑፍ አስፈርሙ። እኔ ለጊዜው አስፋልት ዳር አንድ ጥበቃ ጋ አቁሜያት ቤቴ የምገባው በጋሪ ነው።