በጣና ዳር ካፌ የታየው የኬንታኪ ደርቢ እና ያልተሟላው ማብራሪያ

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ፣ በእኛ ሰዓት ቅዳሜ ሌሊት 8 ገደማ የሚካሄደው ታዋቂው የአሜሪካ የሦስት ዓመት ፈረሶች ውድድር፣ የኬንታኪ ደርቢ፣ በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ በትልቅ ስክሪን ይታያል። በዋዜማው ዓርብ የሚሮጠው የባዝሮች ውድድር፣ ኬንታኪ ኦክስ፣ አብሮ ይቀርባል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ቡናውም ከነፈንዲሻው ሳይዘገይ ይመጣል።

ቅር ያሰኘኝ ማብራሪያው ነው። ከእንጅባራ የመጡ፣ ፈረስ ሲያረቡ የኖሩ አንድ አባት «እነዚያ የዓርቦቹ ባዝሮች ዛሬ የት ሄዱ?» ብለው ቢጠይቁ፣ አስተናጋጁ «ሴት አይፈቀድም፣ አባባ» አላቸው። ይህ ስህተት ነው። ሪግሬት እ.ኤ.አ. በ1915፣ ጄኑዊን ሪስክ በ1980፣ ዊኒንግ ከለርስ በ1988 ድንጉላዎቹን ቀድመው ደርቢውን አሸንፈዋል፤ ደንቡም ድንጉላው ከነጋላቢው 126 ፓውንድ ሲሸከም ባዝራዋ 121 እንድትሸከም ይፈቅዳል። በሩን ያጠበበው እ.ኤ.አ. ከ2013 ውድድር ጀምሮ የሚሠራበት፣ ፈረሶች ቀደም ባሉ ውድድሮች ባገኙት ነጥብ የሚመረጡበት ሥርዓት ነው፤ ባዝራ ከባዝሮች ጋር ሮጣ ያገኘችው ነጥብ ለኦክስ እንጂ ለደርቢ አይቆጠርላትም፤ ከ20ዎቹ የመነሻ ቦታዎች አንዱን ለማግኘት አስቀድማ ከወንዶች ጋር መሮጥ ይኖርባታል።

ይህ አሠራር ሊሻሻል ይገባል። ሪግሬት ለደርቢው የቀረበችው በሁለት ዓመቷ በኒው ዮርኩ የሳራቶጋ መሮጫ ሦስት ውድድሮችን ካሸነፈች በኋላ፣ በሦስት ዓመቷ አንድም ጊዜ ሳትሮጥ ነበር፤ በነሐሴ የተደረጉት እነዚያ ውድድሮች በዛሬው ሥርዓት ነጥብ ስለማያስገኙ ከበር ትመለስ ነበር ማለት ነው። የባዝሮች ፉክክር ከድንጉላዎቹ ይለያል የሚለው መከራከሪያ ክብደት ስላለው ነጥባቸው ሙሉ በሙሉ ይያዝ አልልም፤ ግማሹ እንኳ ቢታሰብላቸው ግን ምርጫው የባለቤቱና የአሠልጣኙ ይሆናል። በ2008 ደርቢ ሁለተኛ ወጥታ መጨረሻውን መስመር ካለፈች በኋላ ሁለቱም የፊት እግሮቿ ተሰብረው በሐኪም እንድትሞት የተደረገችው የባዝራዋ የኤይት ቤልስ ነገር እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ሆኖም በ2006 ፕሪክነስ በተባለው ሌላው የአሜሪካ ውድድር ላይ እግሩ የተሰበረው ባርባሮ ድንጉላ ነበርና፣ አደጋውን ከፆታ ጋር ማያያዝ አያሳምነኝም።

ይህን ለእኚያ አባት ስነግራቸው በመጀመሪያ የጠየቁኝ የሪግሬትን መልክ ነው፤ ግንባሯ ቦራ የሆነች ዳማ ነበረች። ካፌውን ለፈረስ ወዳጅ ሁሉ እመክራለሁ፤ ለከርሞ ግን የመግቢያ ደንቡን በአንድ ገጽ አማርኛ አጽፈው በየጠረጴዛው ቢያስቀምጡ፣ እንዲህ ያለ አዋቂ እንግዳ የተሳሳተ መልስ ይዞ አይሄድም።