«ዌብሳይትህን ለስልክ አስተካክልልሃለሁ» ለሚላችሁ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ ሱቅ፣ ፔንሲዮን ወይም የቡና መሸጫ ኖሯችሁ ዌብሳይት ያሠራችሁ ሁሉ፣ ሰሞኑን አንድ ሰው ላፕቶፕ ይዞ ሊመጣባችሁ ይችላል። እኔ ጋ መጥቶ ነበር። 45 ሺህ ብር ወሰደ፤ የተረፈኝ ስድስት በኪሳራ የተሸጡ ወንበሮችና ከደንበኛ ጋር ጭቅጭቅ ነው። ስሙን አልጠራም። እሱ ቢቀር ሌላ ይመጣል፣ አሠራሩን ብታውቁት ይሻላል።

የምሸጠው የእንጨት ዕቃ ነው፤ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ የዋንዛ ወንበር፣ አልፎ አልፎ አልጋ። ሕርማታ በኩል ካለው ሱቄ የሚገዛኝ መንገደኛ ነው፤ ትልቁ ትእዛዝ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሰው ዌብሳይቱ ላይ ፎቶ አይቶ ይደውላል፣ ቀብድ በቴሌብር ይልካል፣ እኔ አይሱዙ ላይ አስጭናለሁ። ዌብሳይቱ በላፕቶፕ ሲከፈት ደህና ነበር፤ በስልክ ሲከፈት ግን ፊደሉ ጤፍ ያክላል። ስለዚህ ሰውየው «ደንበኞችህ በስልክ እያዩ እየሸሹህ ነው» ሲለኝ ልክ ነበር። በሽታውን አላሳሳተም።

መጀመሪያ ያስፈራራኝ በጉግል ነው። «ጋሼ፣ ለስልክ ያልተስተካከለውን ጉግል ከፍለጋ ጠርጎ ያወጣዋል» አለ። ከፊሉ እውነት ነው። ጉግል እንደ ፈረንጆቹ ከኤፕሪል 2015 ጀምሮ በስልክ ለሚፈልግ ሰው፣ ለስልክ የሚመቹ ገጾችን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከጁላይ 2024 ወዲህ ደግሞ ገጾችን የሚያስሰው እንደ ስልክ ሆኖ እየከፈተ ነው፤ በስልክ ጭራሽ የማይከፈት ገጽ አይመዘገብም። ፊደሉ አነሰ ብሎ ግን ማንንም ጠርጎ አያወጣም።

ከዚያ «የጉግል የሞባይል ሰርተፍኬት» በሚል 6 ሺህ ብር ለብቻው ጻፈብኝና አረንጓዴ ምልክት ያለበት ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። ጉግል እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት አይሰጥም። የነበረው ማንም ሰው የዌብሳይት አድራሻ አስገብቶ በነፃ የሚሞክርበት መፈተሻ ነው፤ እሱንም በዲሴምበር 2023 ዘግቶታል። ወረቀቱ ላይ የታተመው አድራሻ የእኔ እንኳን አልነበረም፤ ይህን ያስተዋልኩት ላሚኔት አስደርጌ ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩት በኋላ ነው። ሳቁ፣ ቤተሰቤም ስቋል።

ሥራውን ያስረከበኝ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ነው። የብሮውዘሩን መስኮት በማውስ ይዞ አጠበበው፤ ፎቶዎቹ አንዱ ከአንዱ ሥር እየገቡ ተደረደሩ፣ ጽሑፉም ጎላ ብሎ ታየ። ደስ ብሎኝ ቡና አስፈላሁለት፣ ቀሪውንም እዚያው ከፈልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ በስልኬ ስከፍተው ያው ጤፍ ነው።

ምክንያቱን ያስረዳኝ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤታችን ልጅ ነው። የብዙው ርካሽ አንድሮይድ ስክሪን ለብሮውዘሩ 360 ነጥብ ያህል ስፋት ያለው ነው። በገጹ ኮድ ውስጥ ቪውፖርት የሚሏት አንዲት መስመር ካልተጻፈች፣ የስልኩ ብሮውዘር ገጹ ለኮምፒውተር የተሠራ ነው ብሎ ይገምትና 980 ነጥብ ላይ ዘርግቶ፣ ከዚያ ጨምቆ ያሳያችኋል። ሲሶ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ላፕቶፕ ግን ያቺን መስመር ከቁብም አይቆጥራት፤ መስኮቱ ሲጠብ ገጹም አብሮ ይጠባል። ስለዚህ በላፕቶፕ መስኮት የሚታይ ማስረከቢያ ስልክ ላይ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ አውቆ? እኔ እንጃ፤ ስልኬን አውጥቼ ልሞክር ስል ግን «ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ ማታ ይሞክሩት» ብሎኝ ነበር።

ደውዬ ስጮህበት ያቺን አንድ መስመር መጻፍ ሲገባው «የሞባይል ቨርዥን» ብሎ ሁለተኛ ዌብሳይት ሠራ። አድራሻው ያው የእኔው ሆኖ ፊቱ ላይ «ኤም» እና ነጥብ ተጨምሮበታል፤ በስልክ የሚገባ ሰው ወደዚያ ይወሰዳል። ለዚህ ሌላ 12 ሺህ ብር ከፈልኩ። ፊደሉ አሁን ይነበባል፣ እኔም ዝም አልኩ።

መስከረም ላይ የእንጨት ዋጋ ሲጨምር የዋንዛ ወንበሩን ከ4,200 ወደ 5,800 ብር አሳደግሁ፤ ዌብሳይቱም ላይ ቀየርኩ። በሳምንቱ አንዲት ደንበኛ ከአዲስ አበባ ደውላ ስድስት ወንበር አዘዘች።

«ጋሼ፣ ስድስት ጊዜ 4,200፣ 25,200 አይደል?»

«አይ እህቴ፣ 5,800 ነው፤ ዌብሳይቱ ላይ አለልሽ።»

«እያየሁት እኮ ነው፤ 4,200 ይላል።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ 5,800። እሷ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ 4,200። «ነጋዴ ሲባል...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። እኔ የቀየርኩት የዋናውን ዋጋ ነው፤ እሷ የምታየው ቅጂውን ነው፤ ቅጂው ደግሞ ከዋናው ጋር አልተያያዘም። ቃሌን ጠብቄ በድሮው ዋጋ ሸጥኩላት፤ 9,600 ብር ከኪሴ ሄደ።

አንዱ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል ማድረግ የትናንት ጥበብ አይደለም። ኢታን ማርኮት የሚባል አሜሪካዊ ዲዛይነር «ሪስፖንሲቭ» ብሎ ስም ያወጣለት እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ነው። ዋጋ አንድ ቦታ ይጻፋል፣ ስልኩም ላፕቶፑም ያንኑ ያነባል። ስለዚህ «የሞባይል ቨርዥን» ሲሏችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «አንድ ነው ወይስ ሁለት?» ይሁን። ሁለት ነው ካሉ ዋጋ ስቀይር በሁለቱም ላይ ይቀየራል ወይ ብላችሁ እዚያው ፊታቸው ቀይሩና እዩ።

ሌላውን ላሳጥረው። ፎቶዎቹን ከካሜራ እንደወጡ ነበር የጫናቸው፣ እያንዳንዳቸው 5 ሜጋባይት ገደማ። ደንበኛ አሥራ ሁለት ወንበር ለማየት 60 ሜጋባይት ከፓኬጁ ይከፍላል፤ ስልኩ ላይ የሚታየው ግን የክብሪት ሳጥን የምታክል ምስል ናት። «ዕቃዎች» የሚለው ዝርዝር የሚዘረጋው ማውስ ሲያርፍበት ብቻ ነበር፤ ስልክ ላይ ማውስ ከየት ይምጣ? ስልክ ቁጥሬን ደግሞ ፎቶ ውስጥ ጽፎታል፤ ቢነኩት አይደውልም፣ እስክሪብቶ ፈልጎ መገልበጥ ነው። በመጨረሻ «አፕ» ልሥራልህ ሲለኝ ነው የነቃሁት። አሳይቶኝ የነበረው አፕ ያንኑ ዌብሳይት በሽፋን ጠቅልሎ የሚከፍት ነበር።

የጎረቤቱ ልጅ ያቺን መስመር ጻፈ፣ ቅጂውን ዘግቶ ወደ ዋናው እንዲመራ አደረገ፣ ፎቶዎቹን እያንዳንዳቸውን ከ150 ኪሎባይት በታች አወረዳቸው፣ ቁጥሬንም ሲነኩት የሚደውል አደረገው። ቅዳሜና እሁድ በቃው። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አንድ በርጩማ ይዞ ሄደ።

እናንተ ቀሪውን ክፍያ ያዙ። ዋይፋዩን አጥፉና በራሳችሁ ዳታ፣ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱት። ከዚያ ሱቃችሁ ውስጥ በጣም ርካሹን ስልክ የያዘውን ሰው ጠርታችሁ «ዋጋ አይተህ ደውልልኝ» በሉት፤ አታግዙት፣ ዝም ብላችሁ ጣቱን እዩ። ጽሑፉን ለማንበብ በሁለት ጣት ማጉላት ከጀመረ ወይም ቁልፉን ስቶ ሌላ ከነካ ሥራው አላለቀም። ውል ላይም ይህንኑ አስጽፉ፤ እኔ ደረሰኝ እንኳን አልተቀበልኩም።

የዶሜይናችሁን፣ ማለትም የዌብሳይታችሁ አድራሻ የተመዘገበበትን አካውንት፣ ፓስወርድ ደግሞ አትስጡ። እኔ «ያቺን ኤም ለመጨመር ወደ አካውንቴ ላስገባው» ሲለኝ ሰጠሁት፤ አሁን ዶሜይኑ የተመዘገበው በእሱ ኢሜይል ነው። ጥር ላይ ይታደሳል። የሰውየው ስልክ ከጥቅምት ጀምሮ ዝግ ነው። እንዲህ ያለ ዶሜይን አስመልሶ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።