ሼፊልድና አካባቢው ላላችሁ፦ ተራራ ላይ ሳይክል የሚያስነዱንን ሴትዮ ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ሰላም ለሁላችሁ! በተለይ ሼፊልድ፣ ሮዘራም፣ ማንቸስተር፣ ሊድስ ምናምን ያላችሁ ሐበሾች ይቺን አንብቡልኝ፣ ትንሽ ትረዝማለች ታገሱኝ። ጥሩ ሰው አግኝቶ ዝም ማለት ነውር ስለሆነብኝ ነው የምጽፈው።

የምጠቁማችሁ ሰው ፒክ ዲስትሪክት የሚባለው ተራራማ ፓርክ ውስጥ ከአስፋልት ውጪ ሳይክል በግሩፕ የሚያስነዱ፣ ጀማሪም የሚያስተምሩ አንዲት እንግሊዛዊት ናቸው። ስልሳን ያለፉ ሴትዮ ናቸው ግን ዳገት ላይ እኔን ያስለቅሱኛል። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ልጄ ባወጣላቸው ስም እትዬ ሳይክል እያልኩ እቀጥላለሁ። ብሪቲሽ ሳይክሊንግ (የአገሩ የሳይክል ማህበር) የሚሰጠው የማውንቴን ባይክ ግሩፕ የመምራት ወረቀት አላቸው፣ ፈርስት ኤይድ አላቸው፣ ኢንሹራንስ አላቸው፣ ልጆች ስለሚይዙ የዲቢኤስ ቼካቸውንም (የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ወረቀት ነው) ሳልጠይቃቸው ራሳቸው አውጥተው አሳይተውኛል።

ወረቀት ያለው ግን ብዙ ነው። እኔ ከሳቸው በፊት ከሌላ ግሩፕ ጋር ወጥቼ አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያው ላይ ማንንም ጥለን አንሄድም ይላል፣ ዳገቱ ሲጀምር ግን ጎበዞቹ ፈትለክ ብለው ሄዱ፣ እኔ እያለከለክኩ አንዱ የሜዳ አጥር በር ጋ ስደርስ ቆመው ሲያወሩ አገኘኋቸው፣ ገና ከሳይክሉ ሳልወርድ "እሺ ሁሉም ደርሷል እንሂድ" አሉ። እነሱ አርፈዋል፣ እኔ አላረፍኩም። ሦስተኛው በር ጋ ስደርስ ጭራሽ ማንም የለም፣ ኔትወርክም የለም፣ በግ ብቻ ነው የሚያየኝ። ከዛ በኋላ ሳይክሉ ኮሪደር ላይ ኮት መስቀያ ሆኖ ከረመ።

እትዬ ሳይክል ጋ ሕጉ ሌላ ነው። ከስድስት ሰው በላይ አይዙም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ነው የሚነዱት፣ በር በደረስን ቁጥር ደግሞ የመጨረሻው ሰው ደርሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ማንም ፔዳል አይረግጥም። የቸኮለ ካለ በሩን ይዞ እንዲቆም ይታዘዛል። ይቺ ትንሽ ነገር ትመስላለች አይደል? ለኔ ግን ሙሉ ቀኑን ነው የቀየረችው።

አንዲት ጓደኛዬ አለች፣ አርባን ያለፈች፣ በሕይወቷ ሳይክል ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ልጅ እያለች ሴት ልጅ ሳይክል አትነዳም ተብላ ያደገች ናት። እሷን እንዴት እንዳስተማሯት ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ቁልፍ አወጡና ሁለቱንም ፔዳል ፈተው ኪሳቸው ከተቱ! ከዛ ኮርቻውን እግሯ መሬት ሙሉ በሙሉ እስኪረግጥ ዝቅ አደረጉላት፣ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ሳር ላይ ወስደው "ተቀመጪና በእግርሽ እየገፋሽ ሂጂ" አሏት። መያዝ የለ፣ ከኋላ እየሮጡ መደገፍ የለ። እግሯን እያነሳች ትንሽ ትንሽ መንሳፈፍ ስትጀምር አንድ ፔዳል መለሱላት፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። እሷ እልል ስትል ውሻ የሚያናፍሱት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን። ዛሬ ሂጃቧ ላይ ሄልሜቷን ደፍታ (ከስር ስስ የሆነውን አይነት ነው የምታደርገው፣ እሱንም ሄልሜቱ እንዳይላላ አብረው ለክተውላታል) ከኔ ቀድማ ነው የምትነዳው፣ ደስ አይልም፣ ስቀልድ ነው።

ሳይክል ለሚችል ሰው የመጀመሪያው ቀን ሪንግንግሎው አጠገብ ያለው ሌዲ ካኒንግስ ጫካ ነው። እዛ ለማውንቴን ባይክ ተብሎ የተሰራ መንገድ አለ፣ በነጻ ነው፣ ሰማያዊ ተብሎ የተመደበው ለጀማሪ ይሆናል፣ ቀዩ ከበድ ይላል። እዛ የተማርኩት ዋናው ነገር ቁልቁለት ላይ ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጎ ቆሞ መውረድን ነው፣ ዓይን ደግሞ ጎማው ስር ሳይሆን ራቅ ብሎ መሄድ የምትፈልጉበት ላይ። ፍሬን በአንድ ጣት ብቻ። እዚህ አገር የፊተኛው ፍሬን በቀኝ እጅ ነው፣ ሌላ አገር ቆይታችሁ የመጣችሁ ተጠንቀቁ፣ ቁልቁለት ላይ በድንጋጤ እሱን ጨምድዶ መያዝ በመሪው ላይ አሻግሮ ይወረውራል።

ቀጥሎ የሚወስዱን ደርወንት ሸለቆ ነው፣ ከፌርሆምስ ተነስቶ በግድቦቹ ዳር ባለው ጠጠር መንገድ እስከ ስሊፐሪ ስቶንስ። ለጥ ያለ ነው፣ ለቤተሰብ ግሩም ነው። ስልኩ ላይ ተጥዶ የሚውለው ልጄ ጆሮውን የሰጠው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ደርወንት የሚባለው መንደር ሌዲባወር ግድብ ሲሞላ ውሃ ውስጥ እንደቀረ ነገሩት፣ ድርቅ ሲበረታ እንደ 2018 እና 2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ፍርስራሹ ብቅ ይላል። ስሊፐሪ ስቶንስ ላይ የምንሻገርበት የድንጋይ ድልድይ ራሱ ከዛ መንደር ተነቅሎ መጥቶ እንደገና የተገጣጠመ ነው። በ1943 ደግሞ የጀርመንን ግድቦች የመቱት አብራሪዎች ደርወንት ግድብ ላይ ዝቅ ብለው ሲለማመዱ ነበር። ልጄ ቤት ገብቶ ይሄን ሁሉ ለአባቱ ሲያስረዳ እራት ቀዘቀዘ።

አሁን ግን በጣም ወደማመሰግናቸው ነገር ልምጣ። ካርታ አስተማሩኝ።

እኔ እዚህ አገር ስኖር ገጠሩ የሌላ ሰው ግቢ ነበር የሚመስለኝ። የሼፊልድ ከተማ ወሰን አንድ ሦስተኛው ፒክ ዲስትሪክት ፓርክ ውስጥ ነው እኮ፣ ያውም በ1951 በአገሪቱ የመጀመሪያው ናሽናል ፓርክ የሆነው፣ እኛ ግን ከስራ ቤት ከቤት ቤተክርስቲያን ነን። አጥር አለ፣ በር አለ፣ የሚጮህ ሰው ቢመጣስ እላለሁ። እሳቸው መጀመሪያ ቀን የኦርድናንስ ሰርቬይን (የአገሩ ካርታ ሠሪ ድርጅት ነው) ዳርክ ፒክ ካርታ ሳር ላይ ዘርግተው ልጄን አስጠሩት፦ አረንጓዴ ረጃጅም ሰረዝ ከሆነ ብራይድልዌይ ነው፣ ፈረስም ሳይክልም ይሄድበታል፣ አጫጭር ሰረዝ ከሆነ ፉትፓዝ ነው፣ ለእግረኛ ነው። ሜዳው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ቀስት ብራይድልዌይ፣ ቢጫ ቀስት ፉትፓዝ። ሳይክል ብራይድልዌይ ላይ እንዲሄድ የፈቀደው የ1968 ሕግ ነው፣ ግን ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ክፍት ሜዳና ተራራ ላይ እንደልብ መሄድን የፈቀደው በእግር ላለ ሰው ነው እንጂ ለሳይክል አይደለም። ያንንም መብት ሰው ታግሎ ነው ያገኘው፣ በ1932 ኪንደር ስካውት የሚባል ተራራ ላይ ተከልክለው በግድ የወጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ታስረዋል፣ ይሄን ሲናገሩ ድምጻቸው ራሱ ይቀየራል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሆፕ ክሮስን አልፈን (የ1737 የድንጋይ ምሰሶ ናት፣ አራት ጎኗ ላይ ሆፕ፣ ኤዴል፣ ግሎሶፕ፣ ሼፊልድ የሚል ተቀርጾባታል፣ የድሮ መንገድ ጠቋሚ መሆኗ ነው) በር ጋ ቆመን ሳለ አንድ ሰውዬ መጣና እኔንና ጓደኛዬን ለይቶ "እዚህ ሳይክል አይፈቀድም፣ ተመለሱ" አለን። ከእኛ ጋር ላሉት ፈረንጆች ምንም አላለም፣ ልብ በሉ። እኔ እግሬ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ሳይክል ከኋላ ደረሱ፣ ሰውየውን አልተቆጡም፣ ካርታውን አውጥተው ለልጄ ሰጡትና "አሳያቸው" አሉት። ልጄ ጣቱን ረጃጅሙ ሰረዝ ላይ አድርጎ፣ ቀጥሎ በሩ ግንድ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ቀስት እያሳየ "ሰር፣ ይሄ ብራይድልዌይ ነው፣ እኛ እናሳልፍዎታለን፣ ይለፉ" አለው። በሩንም ከፈተለት። ሰውየው አጉረምርሞ አለፈ። እኔ ልጄን እንደዛ ቀጥ ብሎ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

እኚሁ ሴትዮ ግን በዛው ቀን ስንመለስ ደክሞን፣ ዝናብ ጀምሮ፣ በፉትፓዝ ብንቆርጥ ባቡሩን እንደርስ ነበር፣ አንድም ሰው የለም፣ "ማን ያየናል" አልናቸው። "ቢጫ ነው" አሉ፣ አለቀ። ዞረን ሄድን፣ ባቡሩ አመለጠን፣ የሚቀጥለውን ስንጠብቅ ብስኩታቸውን አካፈሉን። ትንሽ ተናድጄ ነበር አልዋሽም፣ ግን በሩ ጋ የነበረውን አስቤ ልክ ናቸው አልኩ።

ሌላው፣ መመለስ ያውቃሉ። ከስሊፐሪ ስቶንስ ወደ ላንግሴት ሙሩን (ዛፍ የሌለውን ረግረጋማ ከፍታ) አቋርጦ የሚሄደው ከት ጌት የሚባል መንገድ አለ፣ ሳይክል ነጂው ሁሉ የሚያወራለት ነው፣ ጥቁር ረግረግ አፈሩ እንደ ገንፎ ጎማ ይይዛል። እኛ ለሱ ስንዘጋጅ ከርመን የሄድን ቀን ላይ ስንወጣ ጉም ወረደ። ሌሎች ሁለት ነጂዎች አልፈውን ጉሙ ውስጥ ገቡ፣ ሁላችንም ዓይናችን እነሱ ላይ ነው። እሳቸው ቆሙ፣ የጓደኛዬን እጅ ጓንቷን አስወልቀው ጣቶቿን ነኩ፣ በረዶ ሆኗል፣ "ዛሬ አይሆንም" ብለው አዞሩን። ግማሹን ገንዘብም ሳንጠይቅ መለሱልን። በዛ ቀን ፊሽካ ሰጡን፣ አደጋ ከደረሰ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ መድገም፣ ስልክ ከሰራ 999 ደውሎ መጀመሪያ ፖሊስ ከዛ ማውንቴን ሬስኪው ማለት። የተራራ ነፍስ አድኖቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብ አያስከፍሉም፣ ይሄን የማያውቅ ስንት አለ!

ጥገናቸውንማ አታንሱብኝ፣ አንዴ የኔ ካቴና ዳገት መሃል ተበጠሰ፣ ከቦርሳቸው መፍቻና ትርፍ ማገናኛ አውጥተው ራሴን አስጠገኑኝ፣ እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው አድርገው "የቱ ጋ ነው የሚገባው ይመስልሻል" እያሉ። እጄ ለሁለት ቀን ጥቁር ነበር፣ አሁን ግን ማንንም አልጠብቅም።

እንከን የላቸውም ወይ? አላቸው። ወፍ ይወዳሉ፣ ከርሉ የምትባል መንቁረ ረጅም ወፍ ከጮኸች ሁላችንም ቆመን መስማት አለብን፣ ብርድ ቢሆንም። ሰዓት ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም፣ የሐበሻ ቀጠሮ አይሰራም፣ አንዴ ባለቤቴ አስር ደቂቃ ዘግይቶ መኪና ማቆሚያው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ክረምት ላይ ይባስ፣ በዲሴምበር በኛ አቆጣጠር አስር ሰዓት ላይ ጨልሟል፣ ስለዚህ ጠዋት በጊዜ ነው መነሻው።

ለምትፈልጉ፦ ግሩፑ ድሮ እሁድ ነበር፣ እኛ ቅዳሴ አለን ስላልናቸው ለእኛ ቅዳሜ ከፈቱልን። በሁዳዴ ወቅት ደግሞ ፍላፕጃካቸውን (የአጃ ኬክ ነው) ያለቅቤ በዘይት ጋግረው መጡ፣ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ እኔ ግን አይደለሁም። ሳይክልና ሄልሜት ለሌለው በትንሽ ክፍያ ያከራያሉ፣ ዋጋውን ከራሳቸው ስሙ። በባቡር የምትመጡ ከሼፊልድም ከማንቸስተርም የሆፕ ቫሊው መስመር ሆፕና ኤዴል ያወርዳችኋል፣ ግን የኖርዘርን ባቡር በአንዴ ሁለት ሳይክል ነው የሚያስገባው፣ ስለዚህ ሁላችሁም ባንድ ባቡር አትምጡ። ጂንስ አትልበሱ፣ ከረጠበ አይደርቅም። ስፕሪንግ ላይ በጎቹ ስለሚወልዱ አጠገባቸው ስንደርስ ወርደን እየገፋን ነው የምናልፈው፣ በር ደግሞ እንዳገኛችሁት ተዉት፣ ተዘግቶ ከነበረ ዝጉ፣ ክፍት ከነበረም አትዝጉ፣ ይሄን ካጠፋችሁ የእትዬ ሳይክልን ፊት ታያላችሁ።

እትዬ፣ ይሄን ልጄ እንደሚያነብልዎት ስለማውቅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን ያቆይልን።

ቁጥራቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እልካለሁ። እስከ ሐሙስ ማታ ሺፍት ስለሆንኩ መልስ ካዘገየሁ አትቀየሙኝ።