ሾኩ አዲስ ነበር፤ ያበላሸው የገጠመው እጅ ነው

ከአራት ዓመት በኋላ ለሦስት ሳምንት ሀገር ቤት ገብቼ ተመለስኩ። ስለ በረራው ብዙ የምለው የለኝም፤ ደህና ነበር። ሻንጣዬም በሰላም ደርሷል። የስልክ ካርድ በአሥር ደቂቃ አወጣሁ። መጻፍ የፈለግኩት የአባቴን መኪና ሾክ አብዞርበር፣ ማለትም የመኪናን ንጥረት የሚያረግበውን ዕቃ፣ ስላስቀየርኩበት ጋራዥ ነው። ከሦስቱ ሳምንት አንዱን ሙሉ የበላብኝ እሱ ነው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

መኪናዋ የ2005 ፕራዶ ናት። 143,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። አባዬ እንደ ልጁ ነው የሚይዛት። ዘይቷ በጊዜው ይቀየራል፤ ፍሬኗ በጊዜው ይታያል። ሾኩን ግን ማንም ነክቶት አያውቅም። 80,000 ኪሎ ሜትር ካለፈ በደንብ ይፈተሽ የሚባለው በከንቱ አይደለም። ችግሩ ሾክ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ የሚቆም ዕቃ አይደለም። ትንሽ በትንሽ ይደክማል። የሚነዳው ሰውም አብሮ ይለምደዋል። «መኪናዋ እኮ ምንም አልሆነች» አለኝ አባዬ፤ ከልቡ ነው።

እኔ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያ ስንመጣ ከኋላ ተቀምጬ አውቄዋለሁ። አንዲት ጉብታ ካለፍን በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ትንሳፈፋለች። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ኩርባ ላይ ወደ ጎን ትጋደማለች። አባዬ ደግሞ ሰባ ዓመት አልፎታል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሾክ ሲሞት ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል፤ የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም።

ያስወሰነኝ ግን እማዬ ናት። ወገቧን ያማታል። ዘመድ ልንጠይቅ ስንነሳ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ በዚህች መኪና አልችልም» አለችኝ። ስንት ዓመት ጠብቃኝ፣ መጥቼም አብራኝ ሳትወጣ ልትቀር ነው። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ሥር ገብቼ አየሁ። ከኋላ ያሉት ሁለቱም ሾኮች እስከ ታች በዘይት ርሰዋል፤ አቧራው ተለጥፎባቸው ጭቃ ሆኗል። ስስ እርጥበት ብቻ ቢሆን አልደነግጥም ነበር፤ ከላይ ዘይቱን አፍኖ በሚይዘው ማኅተም በኩል ትንሽ ወዝ መውጣቱ ያለ ነው። ይሄ ግን የፈሰሰ ዘይት ነው። ጎማውን በመዳፌ ዳበስኩት። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ሾክ የሌለው ጎማ እየነጠረ ስለሚሄድ በየቦታው ይቦረቦራል። የፊቶቹ ደረቅ ነበሩ። የመኪናዋን የፊት ጥግ ተጭኜ ስለቀው ግን ያለማቋረጥ ይወዛወዛል። ይህን የመጫን ሙከራ እንደዚህች ባለ ከባድ መኪና ላይ ብዙ አትመኑት። የሞተውን ሾክ ያሳያል እንጂ በግማሽ የደከመውን አያሳይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ሞላውን ከሾኩ ጋር ያምታታዋል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ሞላው ሲነጥር ማርገብ ነው። ውስጡ ዘይት አለ። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች ተጨንቆ ያልፋል፣ ንጥረቱም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ መኪናችሁ ጎንበስ ብላ ከቀረች ሾክ ቀይሩ የሚላችሁን ሰው አትስሙ። እሱ የሞላ ጉዳይ ነው።

መለዋወጫ ቤቱ ጥሩ ነበር። ሻጩ የቻሲ ቁጥሩን ጠይቆ በትክክል አመሳከረልኝ። መጀመሪያ ለከባድ ጭነት የተሠራውን ጠንካራውን ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነበር። መኪናዋ የምትጭነው ሁለት አዛውንት ነው አልኩት። ባዶ መኪና ላይ ጠንካራ ሾክ ከገጠማችሁ እያንዳንዷን ጠጠር ትቆጥራላችሁ። ሳይከራከር መደበኛውን አወጣልኝ። አራቱንም ኦሪጅናል፣ በካርቶናቸው፣ ከደረሰኝ ጋር ገዛሁ።

ከዚያ ነው መከራው የጀመረው።

ጋራዡን የጠቆመኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስገባኋት። «ወንድሜ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ከምሳ በኋላ ና» አለኝ ኃላፊው። የእጅ ዋጋ ተነጋገርን፤ ተስማማን። ቆሜ ልይ ስል «እዚህ መቆም አይቻልም፣ አደጋ አለው» ተባልኩ። እሺ ብዬ ሄድኩ። ያን ጊዜ እሺ ማለት አልነበረብኝም።

ከምሳ በኋላ ስመጣ የኋላዎቹ ተገጥመዋል። የፊት ግራው ብሎን ዝጎ አልፈታ ብሏቸው መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ ቆማለች። የሚሠራው ልጅ ሌላ መኪና ሥር ነው ያለው። «ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ሥራችን ያንተ ነው» አሉኝ። በማግስቱ ስሄድ ንቅንቅ አላለችም። በአራት ሰዓት ደወልኩ፤ «እየተሠራ ነው»። በስምንት ሰዓት ሄድኩ፤ ልጁ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። በአሥር ሰዓት ኃላፊው ስልክ ማንሳት አቆመ። ያን ቀን እማዬን ሐኪም ቤት የወሰድናት በኮንትራት ታክሲ ነው። የራሷ መኪና እያለ፣ እኔ ልሠራላት መጥቼ፣ ታክሲ ውስጥ ወገቧን ይዛ ስትቀመጥ ማየት ከገንዘቡ ሁሉ የበለጠ አመመኝ።

በሦስተኛው ቀን ማታ «አልቋል» ተባልኩ። ሂሳቡ ከተስማማንበት እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ለምን? ብሎኑ ዝጎ ነበር። የሞላ መጭመቂያ ተከራይተናል። ማጽጃ ተጠቅመናል። ልጁ አምሽቷል። አንዱንም ቀድመው አልነገሩኝም። «ደውላችሁ ለምን አልጠየቃችሁኝም?» ስለው «አንተ እኮ ከውጭ ነው የመጣኸው፤ ለአባትህ መኪና ይሄ ምን አላት?» አለኝ። ይሄ አነጋገር ነው ያቃጠለኝ። ከውጭ መጣሁ ማለት ዋጋዬ ሌላ ነው ማለት አይደለም። አሮጌዎቹን ሾኮች ስጡኝ ስል «ጥለናቸዋል» አሉኝ። ጨልሞ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ከፈልኩ።

በምኖርበት አገር መኪና ሳስገባ መጀመሪያ ዋጋው በወረቀት ይሰጠኛል። እፈርምበታለሁ። የሚጨመር ነገር ከተገኘ ሳይነኩት ይደውላሉ። የወጣው አሮጌ ዕቃ ከፈለግኩ በካርቶን ይመለስልኛል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ቢያንስ ሥራው ጥሩ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። በሁለተኛው ቀን ከኋላ ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። መሪው ወደ ግራ ይጎትታል። ትንንሽ ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ደርቃ ትመታለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊት ቀኙ ሾክ በዘይት ርሷል። አራት ቀን የሆነው አዲስ ዕቃ!

የተሸጠልኝ ፎርጅድ ነው ብዬ ተናድጄ ወደ መለዋወጫ ቤቱ ልሄድ ስል አባዬ ያዘኝ። «መጀመሪያ አንድ ሰው ይየው» አለ። ድሮ መኪናውን የሚሠሩለት ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ ትንሽ ግቢ ውስጥ ከልጃቸው ጋር ነው የሚሠሩት። ሄድን።

ሽማግሌው መጀመሪያ ምንም አልፈቱም። «እስቲ ኮረኮንቹ ላይ ነድተሃት ተመለስ» አሉኝ። ስመለስ አራቱንም ሾኮች በእጃቸው ጀርባ በጥንቃቄ ነካ ነካ አደረጉ። ሦስቱ ሞቀዋል። የፊት ቀኙ ቀዝቃዛ ነው። «የሚሠራ ሾክ ይሞቃል፤ ይሄ አልሠራም» አሉ። ከዚያ አቧራ መከላከያ ላስቲኩን ገለጡና ጠሩኝ። «ና ልጄ፣ እየው።» የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ የፒንሳ ጥርስ ታትሟል። የላይኛውን ዳዶ ሲያጠብቁ ዘንጉ እየዞረ ሲያስቸግራቸው በፒንሳ ጨብጠውታል። ጫፉ ላይ የሚያዝበት ቦታ ተሠርቶለት እያለ! ያ ዘንግ በየሰከንዱ በማኅተሙ ውስጥ ይገባል ይወጣል። ፀጉር የምታህል ጭረት እንኳ ማኅተሙን እንደ ምላጭ ትቆርጠዋለች። ዘይቱም ይወጣል። ዕቃው ፎርጅድ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥፋት የከፋ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። ሾኩ ከታች የሚታሰርበት ቦታ ላይ ወፍራም ጎሚኒ አለ። መሐሉ ብረት ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ጎሚኒው ባለበት አቅጣጫ ይያዛል። መኪናዋ ተሰቅላ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት፣ መሬት ስትወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆማም ስትሄድም ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ነው የሚኖረው። ይጮኻል፣ ይደርቃል፣ ቶሎ ይቀደዳል። «ልጄ፣ አየር ላይ የሚጠብቅ ብሎን አለ፤ መሬት ላይ ብቻ የሚጠብቅ ብሎን አለ። ይሄ የመሬቱ ነው» አሉኝ። የኋላዎቹን መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ሳለች ሲያላሏቸው ቋ አለና ኋላዋ ትንሽ ዝቅ ሲል በዓይኔ አየሁት። ሲጢጥታው እዚያው ጠፋ።

አንድ የፊት ሾክ እንደገና ገዛሁ። ሾክ በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ከሆነ መኪናው ፍሬን ላይ ሚዛኑን ያጣል። የግራው ግን ገና አራት ቀኑ ስለሆነና ዘንጉም ንጹሕ ስለነበር አንዱ ይበቃል አሉ። እሱንም ሊያስገዙኝ ይችሉ ነበር። አዲሱን ከካርቶን አውጥተው ቀጥ አድርገው አቆሙትና ደጋግመው ወደ ታች ገፉት፣ ወደ ላይ ሳቡት። ተኝቶ ስለከረመ ውስጡ አየር ይይዛል፤ ሳይወጣ ከተገጠመ መጀመሪያ ላይ ባዶ ባዶ ይላል። ዳዶውን ሲያጠብቁ የዘንጉን ጫፍ በትክክለኛው ቁልፍ ያዙ። የታችኛውን ብሎን በእጅ ብቻ አስገብተው፣ ጎማውን ገጥመው፣ መሬት አውርደው፣ ከዚያ አጠበቁት። ሦስት ሰዓት አልፈጀም። ዋጋውን ሳይጀምሩ ነገሩኝ፤ ሲጨርሱም እሱኑ ተቀበሉ።

የመሪውን መጎተት አላይመንት ቤት፣ የጎማዎችን አቅጣጫ የሚያስተካክሉበት፣ አስተካከሉልኝ። ፊት ሲፈታ አላይመንት መታየት እንዳለበት የመጀመሪያው ጋራዥ ትንፍሽ አላለም።

በምኖርበት አገር ይህን አላገኘውም። እዚያ መስታወት ጀርባ ተቀምጬ ነው የምጠብቀው፤ መካኒኩን ፊቱንም አላየውም። እኚህ ሰው መኪና ሥር ጎናቸው አስተኝተው፣ ባትሪ አስይዘው፣ ጣታቸውን እያሳዩ አስተማሩኝ። አባዬ ከውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ድሮ ስላወጡት ሞተር ያወራቸው ነበር። ከሄድኩ ጀምሮ የናፈቀኝ ይሄ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሾክ ልታስቀይሩ ከሆነ ዕቃውን ብቻ አትመርምሩ። የታችኛውን ብሎን መቼ ነው የምታጠብቁት ብላችሁ ጠይቁ። «ጎማው መሬት ከነካ በኋላ» ካላላችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ዘንጉን በምን እንደሚይዙት አይታችሁ ቁሙ። መቆም አይቻልም ካሉ በሩቅም ቢሆን ቁሙ። ዋጋውን አጽፉ፤ አሮጌውን ዕቃ ካርቶኑ ውስጥ እንዲመልሱላችሁ ከመጀመሪያው ንገሯቸው።

በመጨረሻው ሳምንት እማዬ አብራን ወጣች። ለወገቧ ትራስ ይዛ ነበር። ኮረኮንቹን ግማሽ እንደሄድን ትራሱን አውጥታ ወደ ኋላ ወንበር ወረወረችው። አባዬ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ አፍንጫዋን አልደፋችም። ጉብታ ስታልፍ አንዴ ወርዳ አንዴ ወጥታ ቀጥ ትላለች።

ከኋላ የሚመጣው ጉምጉምታ ግን አልጠፋም። እሱ የተቦረቦረው ጎማ ነው፤ አዲስ ሾክ የተበላ ጎማ አይመልስም። ሁለቱን የኋላ ጎማ የምገዛበትን ገንዘብ ለአባዬ ትቼለት መጥቻለሁ። ሽማግሌው ጋ ወስዶ እንዲያስገጥም፣ ሌላ ቦታ እንዳይሄድ አደራ ብዬዋለሁ።