የብሪቲሽ ሙዚየም የድረ ገጽ ካታሎግ፦ የመቅደላን ቅርስ ለሚፈልግ ሰው

ካታሎጉ በነጻ ይከፈታል። ከመቅደላ ምን እንደተዘረፈ ለማጣራት እጅግ ይጠቅማል፤ ቅርሱን ለማስመለስ ግን ብቻውን የትም አያደርስም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ገና በፍለጋው ነው። በ1868 መቅደላ የዘመቱት እንግሊዞች «ማግዳላ» (Magdala) ብለው ይጽፉ ስለነበር፣ በዛሬው አጻጻፍ (Maqdala) ብቻ የፈለገ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። ሁለቱንም ሞክሩ፣ «አቢሲኒያ»ንም (Abyssinia) ጨምሩ። ከሁሉ የሚሻለው በሰው ስም መግባት ነው። የሙዚየሙ ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር ዘምቶ ከዘረፋው ይገዛ ነበርና ስሙን ተከተሉ።

የዕቃው ገጽ ሲከፈት መዝገብ ቁጥሩን አንብቡ፤ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን፣ ከዚያ ተራ ቁጥሩን ይይዛል። ይህ ግን ዕቃው ሙዚየም የገባበትን ጊዜ እንጂ ከአገር የወጣበትን አይናገርም። የዘማቾች ቤተሰቦች ዘግይተው ያስረከቡትም ስላለ ፍለጋችሁን በ1868 አትገድቡት። «ተገዛ» የሚለው ቃልም አያታልላችሁ። በሚያዝያ 1868 ዝርፊያው ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሽጦ ገንዘቡ ለወታደሮች ተከፋፍሏል፤ ከመቅደላ የወጣ ዕቃ «ተገዛ» ቢባልም መነሻው ዝርፊያው ነው። መረጃው ሊታረም ስለሚችል ገጹን ካወረዳችሁበት ቀን ጋር አስቀምጡ።

የሚፈልጉትን ያጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በቦታው ነው። 350 ገደማ የሚሆኑት የመቅደላ ብራናዎች ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው፤ የወርቁ ዘውድና ጽዋ ደግሞ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ታቦታት ከኢትዮጵያ ካህናት በቀር ለማንም አይታዩም፤ ፎቶ አለመኖሩ ተገቢ ነው።

ትልቁ ጉድለት ከመረጃው ወደ ጥያቄ የሚያሻግር መንገድ አለመኖሩ ነው። ቅርስ የመስጠት ሥልጣን ሙዚየሙን የሚመሩት ባለአደራዎች ሲሆን፣ እነሱንም የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ አንቀጽ 5 አስሯቸዋል። የሚፈቅደው በዋናነት ቅርሱ ድርብ ቅጂ ሲሆን፣ ወይም ለስብስቡ የማይመጥንና ቢወጣም ተመራማሪን የማይጎዳ ሲሆን ነው። በ2005 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የሞራል ግዴታ ይህን ሕግ እንደማያልፍ ወስኗል። ጉዳዩ ናዚዎች የዘረፏቸውን ሥዕሎች የሚመለከት ነበር፤ በ2009 የወጣው ሕግም የፈታው የናዚን ዘመን ዝርፊያ ብቻ ነው። ይህ አድልዎ ዛሬም አለመስተካከሉ ያሳዝናል።

ስለዚህ ስለ ታቦታቱ ደብዳቤ የሚጽፍ ተቋም «የማይመጥን» በሚለው ሐረግ ላይ ያተኩር፦ ከካህናት በቀር ማንም የማያየውና የማያጠናው ጽላት ቢመለስ የትኛው ተመራማሪ ይጎዳል? መዝገብ ቁጥሩን ለየዕቃው ጥቀሱ። በውሰት ለመቀበል ከመስማማታችሁ በፊት ግን የሕግ ባለሙያ አማክሩ፤ የውሰት ውል የአበዳሪውን ባለቤትነት እንደ መቀበል ሊቆጠር ይችላል።

አንቀጽ 5 የማይነካቸው ባለይዞታዎች ዘንድ መንገዱ አጭር ነው። በኤድንብራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በ2002 ታቦት መልሷል፤ የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሙዚየምም በ2019 የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር አስረክቧል። ካታሎጉ ውስጥ ያገኛችሁትን የሻጭና የለጋሽ ስም ይዛችሁ እንዲህ ያሉትን ባለይዞታዎች ቀድማችሁ ፈልጉ።