ለልጄ የኮሌጅ አማካሪ ቀጠርኩ፤ 900 ዶላሬ ምን ላይ እንደዋለ ልንገራችሁ

ልጄ አሥረኛ ክፍል ልትጨርስ ስትል «እማዬ፣ ዶክተር መሆን እፈልጋለሁ» አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ አሜሪካ የመጣሁት ሃይስኩል ጨርሼ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ነው የማውቀው። የዚህን አገር ኮሌጅ ደጁን አልረገጥኩም። የትምህርት ቤቷ ካውንስለር ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ተማሪው ብዙ ነው፤ ለእኛ የደረሰን ሃያ ደቂቃ ነበር።

ስለዚህ የግል አማካሪ ቀጠርኩ። አምስት ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት፣ በቪዲዮ፣ በጠቅላላው 900 ዶላር። ቅር ያሰኘኝ ነገር ስላለ የድርጅቱን ስም አልጠራም። አማካሪዋ ኮሌጅ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን ልጄን ወረቀት አምጪ አሏትና መስመር አስሰመሯት። 18 ላይ ኮሌጅ ትገባለች። 22 ላይ ትጨርሳለች። 26 ላይ ከሜዲካል ስኩል ትወጣለች። ከዚያ ሬዚደንሲ የሚሉት የሐኪሞች የሥራ ላይ ሥልጠና አለ፤ የቤተሰብ ሐኪም ወይም የሕፃናት ሐኪም ከሆነች 3 ዓመት፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ከሆነ 7። አገር ቤት ሕክምና የሚገባው ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ እኔም በልቤ እንደዚያ ነበር የማስበው። ልጄ መስመሩን አየት አደረገችና «አንቺ ያኔ ስንት ዓመትሽ ይሆናል?» አለችኝ። ቆጥሬ ነገርኳት። ወረቀቱ አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ደርባ ልትወስድ ነበር። ዱዋል ኢንሮልመንት ይሉታል፤ ሃይስኩል እያሉ የኮሌጅ ክሬዲት መያዝ ማለት ነው። ለእኛ በነፃ ስለነበር እንደ ሎተሪ ነው ያየሁት። አማካሪዋ «ውጤቱ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ?» ሲሉ ዝም አልን።

ለሜዲካል ስኩል ሲያመለክቱ አምካስ የሚባል የጋራ ማመልከቻ አለ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙት እሱን ነው። እዚያ ላይ ሰው የወሰደው የኮሌጅ ኮርስ በሙሉ ይገባል፤ ሃይስኩል እያለ የወሰደውም ጭምር። በ16 ዓመቷ ሲ ብታመጣ፣ በ22 ዓመቷ ያ ሲ ጂፒኤዋ፣ ማለትም አማካይ ውጤቷ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ኤፒ በሚባለው፣ ሃይስኩል ውስጥ በሚሰጠው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርትና ፈተና ላይ ይሄ የለም፤ የፈተናው ውጤት እዚያ ጂፒኤ ውስጥ አይደመርም። በኤፒ ክሬዲት የሳይንስ ኮርስ ማለፍን የማይቀበሉ ሜዲካል ስኩሎች ስላሉ ግን እሱም መጣራት አለበት።

ይሄን የነገረን ሰው አልነበረም። ስንት ልጅ ሳያውቅ ገብቶበት ይሆን እያልኩ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ልጄ ሁለቱን ሳይንስ ተወችና የሳይኮሎጂ መግቢያ ብቻ ወሰደች። ኤምካት የሚባለው የሜዲካል ስኩል ፈተና ከአራት ክፍሎቹ አንዱ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ያለበት ስለሆነ ትምህርቱ ሜዳ ላይ አይቀርም። ኤ አመጣች።

ሦስተኛው ስለ ኮሌጅ ምርጫ ነበር። እኔ ስም ያለው ትምህርት ቤት ነበር የምመኘው። ፕሪሜድ የሚባል፣ ለሜዲካል ስኩል የሚያዘጋጅ ዲግሪ ያለም ይመስለኝ ነበር። ለካ አብዛኛው ቦታ ላይ መንገድ እንጂ ዲግሪ አይደለም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላቦራቶሪያቸው፣ ባዮኬሚስትሪም እንደዚሁ፣ ሜዲካል ስኩሉ የሚጠይቀው ሁሉ ከተወሰደ፣ ዲግሪው ታሪክም ቢሆን ሙዚቃም ቢሆን ይቻላል። ከሃይስኩል በቀጥታ ተቀብለው ኮሌጁንና ሜዲካል ስኩሉን የሚያያይዙ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የ8 ዓመት አለው፣ በካንሳስ ሲቲ ያለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የ6 ዓመት። መግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ብቻ አስገባን።

ገንዘቡ ላይ ግን ቆየን። አዲስ ለሚበደር የሜዲካል ተማሪ የፌደራል ብድር ከጁላይ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር እንዳያልፍ ተወስኗል። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከ2018፣ አልበርት አይንስታይን ከ2024 ጀምሮ የሜዲካል ተማሪን የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም፤ እንደነሱ ያለው ግን ጥቂት ነው። አማካሪዋ «ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ዕዳ ውስጥ አትግቡ፤ አቅማችሁን ለኋላ አስቀምጡት» አሉ። እኔ የምመኘው ኮሌጅ ከዝርዝሩ ወጣ። የራሳችን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ሆነ። ለሁለት ቀን ከፋኝ፣ ከዚያ ትክክል መሆናቸው ገባኝ።

አራተኛው ቀጠሮ ጽሑፉ ነው። ለኮሌጅ ማመልከቻው እስከ 650 ቃል ይጻፋል። የልጄ የመጀመሪያ ጽሑፍ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚል ነበር። አማካሪዋ አንብበው «ሐኪም ቤት ሄደሽ የተናደድሽበት ቀን አለ?» አሏት። ልጄ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እኔ ራሴ ግማሹን የማላውቀውን ነገር አወጣችው።

12 ዓመቷ እያለ እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አያቷን ይዛ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። እናቴ ያን ሰሞን የእህቷን መርዶ ሰምታለች፤ አገሯ ገብታ መቅበር አልቻለችም። ሐኪሙ እንዴት ነሽ ሲላት «ሆድ ብሶኛል» አለች። ልጄ እዚህ ያደገች ናት፤ የሰማችውን ቃል በቃል አድርጋ «ሆዷ ብሶባታል» ብላ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ሐኪሙ አስተኝቶ ሆዷን ተጫናት። የደምና የሰገራ ምርመራ አዘዘ። እናቴ ወግ ይሆናል ብላ ዝም አለች። ማታ ወረቀቱን ሳይ ነው የገባኝ፤ ለልጄም ነገርኳት፤ ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ልጄ «እማማ አዝናለች፣ እኔ አልሰማኋትም» እያለች አራት ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች።

አማካሪዋ አንድ ነገር ጨመሩ። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር ልጅን ማስተርጎም አይፈቀድለትም። ልጄ ይሄን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ያን ሌሊት ጽፋ አደረች። አማካሪዋ አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፉላትም፤ መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ብቻ አስወጧት። ይሄን ነው በጣም ያከበርኩላቸው።

ቅር ያሰኘኝን ልንገራችሁ። ድርጅቱ 4,000 ዶላር የሚያወጣ የክረምት «የሕክምና ካምፕ» እንድንገዛ በየሳምንቱ ኢሜይል ይልክ ነበር። አማካሪዋን በግልጽ ስጠይቃቸው «ሰፈራችሁ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሄዳ በነፃ ታገልግል» አሉኝ። ሴትዮዋ ሐቀኛ ናቸው፣ ቢሮው ግን ሻጭ ነው። ጥያቄ ልኬ መልስ ለማግኘትም አሥር ቀን የጠበቅኩበት ጊዜ አለ። ደግሞ ስለ መግቢያ ኮርሶቹ ከነገሩን ብዙው በአሜሪካ ሜዲካል ኮሌጆች ማህበር ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጧል። ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብም ማህበሩ የኤምካትን ክፍያ የሚቀንስበት፣ የማመልከቻውን የሚያነሳበት ድጋፍ አለው። ይሄን መጀመሪያ ባነብ ኖሮ ሦስት ቀጠሮ በበቃኝ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ። ቤታችሁ ውስጥ ኮሌጅ ያለፈበት ሰው ካለ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። እንደኔ ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ ግዙ፤ ጥቅሉን አትግዙ። ስትሄዱ የልጃችሁን ትራንስክሪፕትና የቤታችሁን የገቢ ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ።

አምስተኛዋን ቀጠሮ አልነካናትም። የጋራው የኮሌጅ ማመልከቻ ኦገስት 1 ሲከፈት እንጠቀምባታለን። ልጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መጦሪያ ቤት ትሄዳለች። ባለፈው ወር ደግሞ አያቷን ለክትትል ስንወስዳት፣ መስኮቱ ጋ ቀድማን ሄዳ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቀች። በስልክ አገናኙን። እሷ አያቷ ጎን ተቀምጣ እጇን ይዛ አዳመጠች።